ለአባዬ፤ ስለዚያ ጠዋት

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ፣ ነሐሴ 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፤

እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጆቹ አድገውልሃል። ትልቁ በቁመት በልጦኛል፤ ትንሿ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ ቁርጥ እማዬን ትመስላለች። ትልቁ ሰሞኑን ከቤት ሲወጣ «ባውንስ» ይላል፤ መሄዴ ነው ለማለት ነው። ኳስ መሬት ነክታ ስትነጥር የሚባለውን ቃል ወስደው ነው። ጓደኞቹ ደግሞ «ዲፕ» ይላሉ። ብትሰማቸው ያንን ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተርህን አውጥተህ እንደምትመዘግባቸው ስለማውቅ ጻፍኩልህ።

ደብተሩን ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ። «ቫሙስ» አለ፤ ከስፔንኛው «እንሂድ» የመጣው። «ከት ኤንድ ረን» አለ፤ መልህቁን ለመሳብ ጊዜ ያጣ መርከብ ገመዱን ቆርጦ ሲሸሽ። ባሕር አይተን ለማናውቅ የደሴ ልጆች ጠመኔህን እንደ መጥረቢያ አንስተህ ያንን ገመድ ስትቆርጥ ክፍሉ በሙሉ ትንፋሹን ውጦ ነበር የሚያይህ። «ፍሬንች ሊቭ»ም አለ። እንግሊዞች ሳይሰናበቱ ሹልክ ማለትን የፈረንሳይ ስንብት ይሉታል፤ ፈረንሳዮች ደግሞ ያንኑ ነገር እንደ እንግሊዝ መሹለክ ይሉታል። ያን ቀን «ሳይሰናበቱ መሄድን የእኔ ነው የሚል ሕዝብ የለም» አልከን። አልረሳሁትም።

የደም ግፊት መድኃኒትህን እየወሰድክ ነው? ባለፈው የላክኩት ገንዘብ ለመድኃኒቱ ነው እንጂ ለጣሪያ ቆርቆሮ አይደለም። ጣሪያው ይቆየን። ማታ ማታ ደረጃውን ያለ መብራት አትውረድ።

ባለፈው እሑድ ሐኪሙ ምን እንዳለህ ስጠይቅህ በእንግሊዝኛ መለስክልኝ። «አይ አም ኦን ማይ ዌይ አውት» አልክና ሳቅህ። ጫማውን አስሮ ከቤት ሊወጣ የተነሣ ሰውም ይለዋል፤ ሞት የቀረበውም ሰው ይለዋል። የትኛውን ማለትህ እንደሆነ ሳልጠይቅህ መስመሩ ተቋረጠ። መስመሩ እንኳ አልተቋረጠም፤ የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ለምን እንደ ዘጋሁት ልንገርህ። ሆስፒታል ውስጥ ሳስተረጉም እንደምውል ታውቃለህ። አንድ ቀን አንዲት ያገራችን ሴት ባሏ ቀዶ ሕክምና ገብቶ ስትጠብቅ፣ እኔ ከመድረሴ በፊት አንድ ወጣት ሐኪም ወጥቶ «ሂ ፓስድ» ብሏታል። እሷ ቃሉን የምታውቀው ከመንጃ ፈቃድ ፈተና ነው። ስደርስ እጆቿን ዘርግታ ፈጣሪዋን ታመሰግን ነበር። በአማርኛ «አለፈ» ብላትም ያው ነው፤ የእኛም ቃል ፈተናንም ሞትንም ያሳልፋል። እዚህ ሐኪሞች እንዲህ ያለውን ዜና ሲናገሩ «ሞተ» የሚለውን ቃል ሳይሸፋፍኑ እንዲያወጡት ይማራሉ፤ ያ ልጅ ግን አንደበቱ አልደፈረለትም። «ሞቷል» ያልኳት እኔ ነኝ። እጆቿ እንደተዘረጉ ቀሩ።

ከዚያ ወዲህ የሚሸሽ ቃል እጠላለሁ፤ ከአንተ አፍ ሲወጣ ደግሞ ይብስብኛል። የእማዬን መርዶ የሰፈሩ ሰዎች ሌሊት መጥተው በሬን እስኪያንኳኩ ድረስ በስልክ «ተኝታለች» ስትለኝ ነበር። እሱን ትቼዋለሁ፤ ወጉ ነው፤ አንተም ከሐዘንህ ጋር ነበርክ። ያልተውኩት የጥሩን ጠዋት ነው።

ጥር 1997 ዓ.ም.። አውቶቡሱ በ12 ሰዓት ይነሣል። እኔ የሻንጣዬን ገመድ ሳጠብቅ አንተ በ11 ሰዓት ካፖርትህን ደርበህ በሩ ላይ ቆምክና «አይ ሃቭ ቱ ሲ ኤ ማን አባውት ኤ ዶግ» አልክ። ስለ አንድ ውሻ የማነጋግረው ሰው አለ። ሳቅኩ፤ ክፍል ውስጥ ያስተማርከን ነበር። የሚሄድበትን መናገር የማይፈልግ ሰው ማመካኛ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1866 ለንደን በታየ አንድ ቲያትር ውስጥ አንዱ እንዲህ ብሎ ያመልጣል፤ አሜሪካ መጠጥ በከለከለችባቸው ዓመታት ደግሞ ተደብቆ ሊጠጣ የሚሄደው ሁሉ ይለው ነበር ብለኸናል። ዳቦ ልትገዛ የወጣህ መሰለኝ። እማዬ ሻይ ቀድታ ጠበቀችህ፤ ሻዩ ቀዘቀዘ። መናኸሪያው ድረስ ሻንጣዬን የተሸከመው አጎቴ ነው። ረዳቱ የአውቶቡሱን ጎን ሲደበድብ እማዬ ግንባሬን ስማ «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ» አለችኝ። ኮምቦልቻ እስክንደርስ ወደ ኋላ አየሁ። አልመጣህም።

አባዬ፣ እንግሊዝኛ ሲነሣ መንገዱን ይመታዋል፤ «ሂት ዘ ሮድ» ይላል። እኛ ደግሞ መንገዱ እግር ሥር ጨርቅ እንዲሆን እንለምናለን። «ጉድባይ» እንኳ «እግዚአብሔር ከእናንተ ጋር ይሁን» ከሚል ምርቃት ተሸራርፎ የቀረ መሆኑን የነገርከኝ አንተ ነህ። ያንን ምርቃት በእንግሊዝኛም በአማርኛም አልሰጠኸኝም። 20 ዓመት ሙሉ ስደውልልህ ስለ ዝናብ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ ልጆቹ አወራን። የት ሄደህ እንደነበር ግን አንድ ቀን አልጠየቅኩህም፤ አንተም አልነገርከኝም።

እንግሊዝኛህ እንጀራ ሆኖኝ ልጆች አሳድጌበታለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ግን በአማርኛ እንድትመልስልኝ እፈልጋለሁ። ሞትን የምትፈራ አይመስለኝም። የምትፈራው በር ላይ መቆምን ነው፤ እኔ ደግሞ አንድ ጠዋት ካፖርትህን ደርበህ እንደዚያው እንዳትወጣብኝ እፈራለሁ።

ለጥቅምት ቲኬት ቆርጫለሁ። ልጆቹ ትምህርት ላይ ስለሆኑ ብቻዬን ነው የምመጣው። ከቦሌ በቀጥታ ወደ ደሴ እሳፈራለሁ፤ መናኸሪያ ድረስ አትድከም፣ ቤት ጠብቀኝ። የመጀመሪያዋን ምሽት ስለዚያ ጠዋት ትነግረኛለህ። ስመለስ ደግሞ እማዬ ትቆምበት በነበረው ደጃፍ ላይ ቆመህ ትመርቀኛለህ። ሌላ ነገር እንዳትገዛልኝ፤ በርበሬም አያስፈልገኝም።

አንድ ነገር ረስቼ። የሐኪሙን ወረቀት ፎቶ አይቼዋለሁ፤ ስለ ኩላሊትህ የሚጀምረው ዓረፍተ ነገር መሐሉ ላይ ይቆማል። ከግርጌው «ገጽ 1 ከ2» ይላል። የጎረቤት ልጅ ዛሬውኑ ሁለተኛውን ገጽ አንስቶ ይላክልኝ።

ልጅህ