ሳትጠይቂ አትቅመሺ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትናንት ወንድምሽ ደውሎ «የአለርጂ መርፌዋን ክፍሏ ጥላ ነው የምትወጣው» ሲለኝ እንቅልፍ በዐይኔ አልዞረም። ያውም ብራስልስ! በየጥጉ ቸኮሌት የሚሸጥበት ከተማ! ከ1912 ጀምሮ የሚኮሩበት ያ ፕራሊን የሚሉት ሆዱ የተሞላ ቸኮሌት፣ ሆዱ ብዙ ጊዜ ሃዘልናት ነው፤ ያው አንቺን የሚጎዳሽ የለውዝ ዓይነት። ሳትጠይቂ አትቅመሺ።

የሲሲሊዋን ከተማ ሞዲካን መቼም አትረሻትም። ሲሲሊ የሄድነው ባሕር ልናይ ነበር። ሙቀቱ ሲበረታብን አባትሽ «እስቲ እዚህ እንረፍ» አለና ቸኮሌት ቤት ገባን። መጀመሪያ በርበሬ ያለበትን ቀመስሽ። «እማዬ፣ ሚጥሚጣ አለው!» ብለሽ ስትስቂ እስካሁን ይታየኛል። ስኳሩ ጥርስ ላይ ኮሽ ኮሽ ይላል። ካካዎውን ብዙ ስለማያሞቁት ስኳሩ አይቀልጥም አሉን። ስፔኖች ሲሲሊን ሲገዙ ከሜክሲኮ ያመጡት አሠራር ነው ይባላል። ቀረፋ ያለው፣ የብርቱካን ልጣጭ ያለው፣ ጨው ያለው፤ ሁሉንም ቀመስን። ወተትም ቅቤም የለበትም ሲሉኝ ለጾም ይሆናል ብዬ ስድስት ገዛሁ።

ከዚያ ያቺን ሳምቡሳ የምትመስል ኬክ አነሣሁ። አንቺ «ጠግቤያለሁ» ብለሽኛል። «የእናት እጅ አይመለስም» ብዬ ያጎረስኩሽ እኔ ነኝ። ከቸኮሌቱ ጋር የተፈጨ የበሬ ሥጋና አልሞንድ እንዳለበት የሰማሁት ከንፈርሽ ካበጠ በኋላ ነው። የወጋሽ አባትሽ ነው። የኔ እጅ ተንቀጥቅጦ ክዳኑን እንኳ መንቀል አቃተው።

ልጅ ሆነሽ እቴቴ ስታጎርስሽ አፍሽን ከገጠምሽ እቆነጥጥሽ ነበር። «አንድ ያጣላል» እያልኩ ሁለተኛውን አስጨምርሽ ነበር። ጉርሻ መመለስ ነውር ነው ብዬ ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ፤ አሁን መልሺ እልሻለሁ። ጓደኛ ቢያጎርስሽም፣ የኔም እጅ ቢሆን። ሳትጠይቂ አትቅመሺ። ይቅር በይኝ ልጄ።

አሁን ስሚኝ። ሁለቱንም መርፌ ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺ፤ አንዱ ላይበቃ ይችላል። ፍሪጅ ውስጥ እንዳታስገቢው። ጊዜው የሚያልፍበትን ቀን ፎቶ አንስተሽ ዛሬውኑ ላኪልኝ። አብራሽ ለምትኖረው ልጅ አወጋጉን አሳያት። ከተወጋሽ በኋላ ቢሻልሽም ለድንገተኛ እርዳታ 112 ደውዪ። ቀለል አድርገሽ አትይው፤ ቆጣ ብዬ ነው የምነግርሽ።

ለልደትሽ ያንን የበርበሬ ቸኮሌት ልልክልሽ ነበር፤ አንድ ተርፎኛል። መነጽሬን አድርጌ ማሸጊያውን ሳነብ «የአልሞንድ ርዝራዥ ሊኖርበት ይችላል» ይላል። ለካ ያን ቀን እሱንም ሳላነብ ነው ያቀመስኩሽ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

በምትኩ ሽሮ ልኬልሻለሁ። ያዘጋጀሁት እኔው ነኝ። ውስጡ የገባውን አንድ በአንድ ጽፌ ከረጢቱ ላይ አስሬዋለሁ። ሳትከፍቺው በፊት አንብቢው።

እናትሽ
ከሮም