የልጆቻችን የደም ናሙና ሳይበላሽ እንዲቆይ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

በጎንደርና በአካባቢዋ የምንኖር፣ የስኳር ሕመም ያለባቸው ልጆች ወላጆች ነን። ልጆቻችንን ከሚከታተሉት ሐኪሞች ጋር ተመካክረን ለሕመሙ ጥናት የሚውል የደም ናሙና ከዜሮ በታች በ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያቆይ ማቀዝቀዣ፣ ሴንትሪፉጅ (ደምን በፍጥነት አሽከርክሮ ክፍሎቹን የሚለይ ማሽን) እና መብራት ሲጠፋ የሚተካ ጄኔሬተር ለመግዛት ስለተነሣን፣ በአገር ውስጥም በውጭም ያላችሁ ወገኖቻችን እንድታግዙን በአክብሮት እንጠይቃለን።

በእኛ አካባቢ፣ በተለይ ከገጠር ከሚመጡት ወጣት ሕሙማን መካከል፣ ሰውነታቸው የከሳ፣ ያለ ኢንሱሊን የማይሆንላቸው፣ ሕመማቸው ግን ከተለመደው ዓይነት 1 (ሰውነት ኢንሱሊን የሚያመነጨውን የገዛ ቆሽቱን ከሚያጠቃበት የስኳር ሕመም) ጋር በሁሉም ነገር የማይገጥም እንዳሉ ሐኪሞች ካስተዋሉ ቆይተዋል። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽንም በ2025 እ.ኤ.አ. ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን የስኳር ሕመም «ዓይነት 5» ብሎ ተቀብሎታል። ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም፤ በቂ ምግብ በሌለበት ቤት ከሚገባው በላይ የተወጋ ኢንሱሊን የልጁን ስኳር በድንገት አውርዶ ራሱን ሊያስተው ይችላል።

ሜታቦሎሚክስ የሚባለው ምርመራ በጥቂት ደም ውስጥ ያሉትን በርካታ አሚኖ አሲዶች፣ ቅባቶችና ሌሎች ንጥረ ነገሮች በአንድ ጊዜ በመለካት የሕመሙን ባሕርይ ለመለየት ያግዛል። ፊንላንድ ውስጥ በ1994 እ.ኤ.አ. በተጀመረ ጥናት የሕፃናት ደም ከልደት ጀምሮ እየተሰበሰበ ይቀመጥ ነበር። ያ ደም ከዓመታት በኋላ ወጥቶ ሲመረመር፣ ዓይነት 1 የያዛቸው ልጆች የደም ቅባት ይዘት፣ ሰውነታቸው የገዛ ቆሽቱን ማጥቃት መጀመሩ በምርመራ ከመታወቁ አስቀድሞ የተለየ እንደነበር በ2008 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በጊዜው በሚገባ ባይቀመጥ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልታወቀ ነበር።

እኛን የሚያሳስበንም ይኸው ነው። ደም ከተቀዳ በኋላ ቀይ የደም ሕዋሶች በብልቃጡ ውስጥ ስኳሩን መጠቀማቸውን አያቆሙም፤ በክፍል ሙቀት ከተተወ ስኳሩ በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ይቀንሳል፣ ላክቴት የተባለው አሲድ ደግሞ ይጨምራል። ስለዚህ ናሙናው ወዲያው በሴንትሪፉጅ ተሽከርክሮ፣ ፕላዝማው (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ተለይቶ መቀዝቀዝ አለበት። ውድ የሆነውን የመመርመሪያ ማሽን ለጊዜው አንጠይቅም፤ በደንብ የተያዘ ናሙና በደረቅ በረዶ ታሽጎ ማሽኑ ወዳለበት ሊላክ ይችላል፣ የተበላሸውን ግን ማንም አይመልሰውም።

ጥናቱ ዛሬ ለታመመው ልጅ ፈጥኖ የሚደርስ መድኃኒት እንዳልሆነ በግልጽ እንናገራለን። በዚህም ምክንያት ለኢንሱሊንና ለስኳር መለኪያ ስትሪፕ ከምናዋጣው ገንዘብ አንዲት ሳንቲም ወደዚህ አናዞርም። ወላጅ በጽሑፍ ካልፈቀደ፣ ነገሩ የሚገባው ልጅም ራሱ ካልተስማማ ደም አይወሰድም።

መዋጮው ወጪ የሚሆነው በሦስት ፈራሚዎች ብቻ ሲሆን፣ የግዢው ደረሰኝ ለሁሉም ለጋሾች ይላካል። በላቦራቶሪ ሙያ የምትሠሩ ወገኖች ደግሞ ከገንዘቡ ይልቅ ማቀዝቀዣውን በመምረጥና ባለሙያዎቻችንን በማሠልጠን ብትረዱን ትልቅ ውለታ ነው።