ሚጣን ተዪያት ትብረር

እማዬ፣ እንዴት ነሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰላምታውን ባሳጥር አትቀየሚኝ። ይህን ነገር በስልክ ስጀምረው ታለቅሻለሽ፤ እኔም ሆዴ ይባባና ዝም እላለሁ። ስለዚህ ጻፍኩት። አባዬ ቀስ ብሎ ያንብብልሽ።

ለሚጣ ሠርግ የላክሁት ብር ገብቷል። ለድንኳኑና ለበሬው ይሆናል፤ ካነሰ እጨምራለሁ። ‹‹ከሄደ ወዲህ ረስቶናል›› የሚል ዘመድ እንዳለ ሰምቻለሁ። አልረሳኋችሁም። የሌሊት ሥራ ነው የያዝኩት። እናንተ ስትነሱ እኔ ሥራ ላይ ነኝ፣ እኔ ስነቃ እናንተ ተኝታችኋል። ዝምታዬ ከዚህ የመጣ ነው። ሥራው አይከብድም፣ አታስቢ።

አሁን ወደ ሚጣ ልምጣ። የሙሽራው ቤተሰቦች የፓይለትነቱን ትምህርት ካልተወች ብለዋል አልሽኝ። ምከራት አልሽኝ። እማዬ፣ እሱን አልመክራትም።

እዚህ ዋሽንግተን የአውሮፕላን ሙዚየም አለ። መግቢያው በነጻ ነው፤ እረፍት ሳገኝ እሄዳለሁ። አንዲት ቀይ አውሮፕላን አለች፣ የአሚሊያ ኤርሃርት። ይቺ ሴት እ.ኤ.አ. በ1931 አገባች። በዓመቱ፣ ግንቦት 1932፣ ብቻዋን አትላንቲክን ተሻገረች። ከኒውፋውንድላንድ ተነስታ ሰሜን አየርላንድ እስክታርፍ 15 ሰዓት ያህል ፈጀባት። መንገድ ላይ ከፍታ የሚያሳየው መሣሪያ ተበላሸ። ክንፉ ላይ በረዶ ጋገረ። ከሞተሩ የጭስ ማውጫ ስንጥቅ እሳት ይወጣ ነበር። በጨለማ፣ ከታች ውቅያኖስ፣ አጠገቧ ሰው የለም። በመጨረሻ ከብት የሚሰማራበት መስክ ላይ አረፈች። ባሏ ደግሞ ዋና ደጋፊዋ ነበር። ይህን ለሙሽራው ንገሩት፤ ልጁ ጨዋ ነው፣ ይገባዋል።

አባዬ መጨረሻዋን ያውቃልና አልደብቅሽም። እ.ኤ.አ. በ1937 ዓለምን ልትዞር ተነስታ በእኛ በኩል አልፋለች። ከካርቱም ወደ ምጽዋ፣ ከምጽዋ ወደ አሰብ። አባዬ በጭነት መኪና የተመላለሰበት አሰብ! ከዚያ ሳታርፍ ካራቺ ገባች። ጁላይ 2 ግን ፓሲፊክ ላይ፣ አንዲት ትንሽ ደሴት ስትፈልግ፣ አቅጣጫ ከሚመራት ባልደረባዋ ጋር ጠፋች። የሚጠብቃት መርከብ ድምፅዋን በሬዲዮ ይሰማል፤ እሷ ግን የሱን መልስ የሰማች አይመስልም። ያኔ ሰው ሰማይ ላይ ያለበትን ቦታ የሚያውቀው በአብዛኛው በፀሐይ፣ በኮከብና በሂሳብ ነበር። ዛሬ ሳተላይት አለ፣ ራዳር አለ። ሚጣ የምትበረው በዚያ ዘመን አውሮፕላን አይደለም።

ቤሲ ኮልማን የምትባልም አለች፣ ጥቁር አሜሪካዊት። ጥጥ እየለቀመች ያደገች፣ ቺካጎ ውስጥ ጥፍር እየሠራች የኖረች። ጥቁርም ሴትም ስለሆነች እዚህ አገር የሚያስተምራት ጠፋ። ፈረንሳይኛ ተማረች፣ ፈረንሳይ ሄደች፣ በ1921 የአብራሪነት ፈቃዷን ይዛ ተመለሰች። እማዬ፣ እሷ ባሕር ተሻግራ የለመነችውን ሚጣ ከቤቷ ሳትርቅ አግኝታዋለች። ፈተናውን አልፋለች! እንዴት ተዪው እላታለሁ?

እዚያው ቺካጎ ጆን ሮቢንሰን ነበር። የአቪዬሽን ትምህርት ቤት አልቀበልህም ቢለው በጽዳት ሠራተኝነት ገባ፤ እየጠረገ ትምህርቱን ያዳምጥ ነበር ይባላል። በኋላ ጣሊያን ሊወረን ሲል አዲስ አበባ መጥቶ አየር ኃይላችንን መራ። የሱን ታሪክ ሌሊት መጥረጊያ ይዤ አስበዋለሁ። ይኸው፣ ሥራዬን ነገርኩሽ። አትዘኚ፣ ክፍያው ደህና ነው።

ለልጁ እናት ካፒቴን አምሳለ ጓሉን አስታውሻቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 በአየር መንገዳችን የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆናለች። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሴቶች ተከትለዋታል። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ አባዬ ይህን ከፊታቸው ቢናገር ደስ ይለኛል።

ለሠርጉ መምጣት አልችልም፣ ወረቀቴ አላለቀም። ይህን ስጽፍ እንባዬ መጣ። ጠላው ሲጠመቅ፣ ዶሮው ሲገነጠል፣ ሰፈሩ ሁሉ ግቢያችን ሲሞላ እኔ የለሁም። ሚጣን ተሸክሜ ትምህርት ቤት ያደረስኳት እኔ ነበርኩ።

የደም ግፊት መድኃኒትሽን በድግሱ ግርግር እንዳትረሺ። ጨው ቀንሺ። ምርመራሽን ለሠርጉ ብለሽ አታስተላልፊ፤ የሐኪሙን ብር ለብቻ ልኬያለሁ፣ ለድግስ እንዳታውዪው። ሙሽሪት ስትወጣ አንድ ሰው ስልኩን ይያዝልኝ። የዚያን ሌሊት ፈቃድ ጠይቄያለሁ።

ልጅሽ