ሥዕላችሁን ኢንተርኔት ላይ ከመጫናችን በፊት ለምን እንደምናስፈርማችሁ

ይድረስ ለውድ ደንበኞቻችን፤

እንደምን ከረማችሁ?

ከዚህ ወር ጀምሮ ሥዕል ስካን ለማድረግ ወይም ፎቶ ለማስነሳት ስትመጡ አንዲት ግማሽ ገጽ ወረቀት እንሰጣችኋለን። «ደግሞ ይሄ ከየት መጣ?» ያላችሁን አላችሁ። እውነታችሁን ነው፤ እስከ ዛሬ በቃል ተማምነን ነው የሠራነው። ነገሩ ወዲህ ነው።

ባለፈው ክረምት የአንዲት ደንበኛችንን ሥዕል ቴሌግራም ቻናላችን ላይ ለጠፍን። የስካናችንን ጥራት ለማሳየት ብለን ነው። አላስፈቀድናትም። ያውም ሰው አጉልቶ የብሩሹን ምት እንዲያይ ብለን ትልቁን ፋይል እንዳለ ለቀቅነው። ጥቂት ሳምንታት ቆይታ አንድ የስልክ ሽፋን ይዛ መጣች። ጀበናዋ አለች፣ ከጀበናዋ ጀርባ ያለችው ቢጫ መስኮት አለች። ጥግ ላይ የነበረው ፊርማዋ ብቻ ተቆርጧል። ሽፋኑን ገበያ አይታው፣ ከኪሷ ከፍላ ነው የገዛችው። አልጮኸችም። ጠረጴዛችን ላይ አስቀመጠችውና «ይሄን ማን ሸጠው?» አለችን። እኛ አልሸጥንም፤ በሩን የከፈትነው ግን እኛ ነን። ይቅርታ ጠይቀን፣ ስለ ካሳውም ተነጋግረን ተስማምተናል። ይህን የምንጽፈውም እሷ ፈቅዳልን ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው ነገር ቢኖር ቁጭ ብለን ውል ማንበብ ነው። የእናንተን ሥራ የምንጭንባቸውን ድረ ገጾች ውል፤ እስከ ዛሬ «እስማማለሁ» የሚለውን እየነካን ያለፍነውን ማለት ነው። አሰልቺ ንባብ ነው፤ አንዋሻችሁም።

ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁን «ኢንስታግራም ላይ ከጫንኩት የእነሱ ሆነ ማለት ነው?» ብላችሁ ነው። አይሆንም። ሥዕሉ የእናንተ እንደሆነ ይቀጥላል፤ ውላቸውም ይህንኑ ይላል። ጣጣው ያለው ቀጥሎ ባለው ዐረፍተ ነገር ላይ ነው። ሥዕሉን ስትጭኑ ለድርጅቱ ፈቃድ ትሰጣላችሁ። ክፍያ የማይጠየቅበት፣ በመላው ዓለም የሚሠራ፣ ለሌላ ወገንም ሊያስተላልፈው የሚችል ፈቃድ። ቤቱ የእናንተ ነው፤ ግን ቁልፉን አስቀርፃችሁ ሰጥታችኋል። ተቀባዩም በተራው ለሌላ ማስቀረፅ ይችላል።

ፈቃዱ በራሱ ክፉ አይደለም። ያለ እሱ ድረ ገጹ ሥዕላችሁን አሳንሶ በየሰዉ ስልክ ላይ ማሳየት አይችልም። ዋናው ነገር ወሰኑ ነው። «አገልግሎቱን ለማስኬድ ብቻ» የሚል ቃል ካያችሁ ተረጋጉ። «ለማስታወቂያ» ወይም «አዳዲስ ምርቶችን ለማልማት» የሚል ካያችሁ ግን ጣታችሁን ከስክሪኑ ላይ አንሱና ደግማችሁ አንብቡ።

ኢንስታግራም እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2012 ያወጣው አዲስ ውል የሰዎችን ፎቶ ያለ ክፍያ ለማስታወቂያ ሊያውል ነው የሚያሰኝ ቃል ነበረበት። ፎቶ አንሺዎች ተቆጡ። ናሽናል ጂኦግራፊክ እንኳ አዲስ ፎቶ መለጠፉን አቆመ። በቀናት ውስጥ ያ ቃል ተነሳ። ስለዚህ ማጉረምረም ዋጋ አለው።

ከሁሉም በላይ የገረመን የዳንኤል ሞሬል ታሪክ ነው። ሞሬል የሄይቲ ፎቶ አንሺ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 12 ቀን 2010 አገሩ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈራርስ እዚያው ነበር። ያነሳቸውን ፎቶዎች ትዊትፒክ በሚባል የፎቶ መጫኛ ድረ ገጽ በኩል ትዊተር ላይ ለቀቀ። አንድ ሌላ ሰው የራሱ አስመስሎ መልሶ ለጠፋቸው። የፈረንሳዩ ዜና ወኪል ኤኤፍፒ በዚያ ሰው ስም አሰራጫቸው፤ ፎቶ የሚሸጠው ድርጅት ጌቲም ተቀብሎ ለዓለም አዳረሳቸው። ሞሬል «የእኔ ናቸው» ሲል፣ ይባስ ብሎ ቀድሞ ፍርድ ቤት የሄደው ኤኤፍፒ ሆነ። ክርክሩም የትዊተር ውል ራሱ ፎቶዎቹን እንድንጠቀም ይፈቅድልናል የሚል ነበር። ዳኛዋ አልተቀበሉትም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2013 የኒውዮርክ ጁሪ፣ ማለትም ለፍርድ የተመረጡ ዜጎች ቡድን፣ ለሞሬል 1.2 ሚሊዮን ዶላር ፈረደለት። ደስ ይላል። ግን ወደ አራት ዓመት ፈጅቷል፤ ከእኛ መሀል ኒውዮርክ ድረስ ሄዶ የሚሟገት ማን ነው?

አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጥቷል። ዲቪያንት አርት የሚባለው ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የሠዓሊዎች ሰፈር ነበር። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 በጽሑፍ ትእዛዝ ሥዕል የሚሠራ ድሪምአፕ የሚባል መሣሪያ አመጣ። ሥራው ለእንዲህ ያለ ማሽን ማሠልጠኛ እንዳይውል የፈለገ ሠዓሊ መጀመሪያ ላይ ራሱ ገብቶ «የእኔን ተዉልኝ» ማለት ነበረበት። ዝም ያለ እንደፈቀደ ተቆጠረ ማለት ነው። ጩኸቱ ሲበዛ ገለበጡት፤ ሁሉም ሥራ ካልተፈቀደ በቀር እንደተከለከለ እንዲቆጠር አደረጉ። በወሩ አርትስቴሽን በሚባል ሌላ የሥዕል ድረ ገጽ ላይ ሠዓሊዎች በሥራቸው ፈንታ የተቃውሞ ምልክት እየለጠፉ ገጹን ሞሉት። እነዚህ የ«አይሆንም» ምልክቶች አይጎዱም፤ ሥራችሁ ላይ አድርጓቸው። ግን የአጥር ላይ ማስታወቂያ ናቸው እንጂ አጥር አይደሉም።

ወደ አገራችን ስንመጣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። ሥዕላችሁ ጥበቃ የሚያገኘው ስትፈጥሩት ነው፤ ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም። ጥበቃው በሕይወት ዘመናችሁና ከዚያም በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። መብት ለሌላ ሲተላለፍም በጽሑፍ መሆን አለበት። እኛ በቃል ስንሠራ የኖርነው ይህ አዋጅ እያለ ነው። አሳፋሪ ነው፤ እናውቃለን።

ስለ ወረቀቷ። ሦስት ጥያቄ ብቻ አላት። ሥዕላችሁን በራሳችን ገጾች ላይ እናሳይ ወይ? እናንተን ወክለን ሌላ ድረ ገጽ ላይ እንጫን ወይ፣ ከሆነስ የትኛው ላይ? ፋይሉን እኛ ጋ እናስቀምጥ ወይስ እንደወሰዳችሁ እናጥፋው? ፎቶውን ያነሳነው እኛ ስለሆንን መብት አለን የሚል ጥያቄም እንደማናነሳ ታች ላይ ተጽፏል። ለዚህ ተጨማሪ ክፍያ የለም።

ኢንተርኔት ላይ የምንጭነው ከእንግዲህ ረጅም ጎኑ ከ1200 ፒክስል የማይበልጥ ትንሽ ምስል ነው። ለስልክ ይበቃል። ለጥሩ ኅትመት በሚያስፈልገው ጥራት ግን 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚወጣው፤ ኤ3 ለማተም ወደ 5000 ፒክስል ይጠይቃል። ትልቁን ፋይል ለእናንተ ብቻ እንሰጣለን። እናንተም ለማንም ከመላካችሁ በፊት አስቡበት። ቴሌግራም ላይ «ፎቶ» ብላችሁ ስትልኩ ይጨመቃል፤ «ፋይል» ብላችሁ ስትልኩ ግን ሙሉ ጥራቱን ይዞ ይሄዳል። ስማችሁን ፋይሉ ውስጥ እንጽፍላችኋለን፤ ሆኖም ብዙ ድረ ገጾች ሲጫን ስለሚያጠፉት ፊርማችሁን ሥዕሉ ላይ፣ በቀላሉ የማይቆረጥ ቦታ ብታደርጉት ይመረጣል። ቻናላችንንም ማስቀመጥና ማስተላለፍ እንዳይቻል ዘግተነዋል። ያም ሆኖ የቆረጠ ሰው ስልክን በሌላ ስልክ ፎቶ ከማንሳት የሚያግደው የለም።

ቀድሞ የለጠፍናቸውን ሥራዎች በሙሉ አውርደናል። እንዲመለስላችሁ የምትፈልጉ ብቅ ብላችሁ ፈርሙ። የተወሰደውን ማስመለስ አንችልም፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። የሆነ ቦታ ሥራችሁን ካያችሁት ግን ሊንኩን ላኩልን። ዋናው ፋይል ከነቀኑ እኛ ጋ ካለ እንደ ማስረጃ እንሰጣችኋለን፤ ይነሳልኝ የሚለውን ማመልከቻም አብረን እንሞላለን።

ወረቀቷን መጀመሪያ የሞላችው የጀበናዋ ሥዕል ባለቤት ናት። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን «አይሆንም» ብላለች። ሥዕሉን ግን እዚህ ሱቃችን ግድግዳ ላይ እንድንሰቅለው ሰጥታናለች። መጥታችሁ እዩት።

ከአክብሮት ጋር፤
የስካንና የኅትመት ክፍል ባልደረቦች