ለደንበኞቻችን፦ ስለ «ያግኙን» ገጻችሁ

ጉዳዩ፦ በድረ ገጻችሁ ላይ ያለውን «ያግኙን» የሚለውን ገጽ ማደስን ይመለከታል

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፤

ባለፈው ወር የእንግዳ ማረፊያ የሚያስተዳድሩ አንዲት ደንበኛችን ቢሯችን ድረስ መጥተው «ድረ ገጹ አንድም እንግዳ አላመጣልኝም» ሲሉ ቅሬታቸውን ነገሩን። አብረናቸው ተቀምጠን ስንመረምር፣ እንግዶቹ ለካ መጥተው ነበር። በገጹ ላይ ያለው ቅጽ መልእክቶቹን የሚልከው ሥራ ከለቀቁ ወራት ወዳለፋቸው የእንግዳ ተቀባይ ኢሜይል ነበር። ከተጠራቀሙት መካከል ለሠርግ የሚመጡ ዘመዶቹን ለማሳረፍ ስድስት ክፍል የጠየቀ ሰው ይገኝበታል። መልስ ሲጠብቅ ሰንብቶ በአራተኛው ቀን ድጋሚ ጽፏል፤ ከዚያ በኋላ አልጻፈም። ወይዘሮዋ መልእክቱን ሁለት ጊዜ አንብበው ዝም አሉ። እኛም የምንለው ጠፋን፤ ገጹን ሠርተን ካስረከብን በኋላ መልእክቱ ማን ዘንድ እንደሚደርስ ተመልሰን ጠይቀን አናውቅምና።

በዚያው ሳምንት የሁላችሁንም ገጽ አንድ በአንድ መፈተሽ ጀመርን። ያገኘነውንና ልናስተካክል ያሰብነውን ከነምክንያቱ እነሆ።

ከሁሉ በፊት ይቅርታ የምንጠይቅበትን እናስቀድም። ከ2015 ዓ.ም. በፊት የሠራናቸው ቅጾች ስልክ ቁጥር በ09 ካልጀመረ አይቀበሉም ነበር። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ሳፋሪኮም አገልግሎት ሲጀምር በ07 የሚነሱ ቁጥሮች መጡ፤ ቅጾቹ ግን በነበሩበት ቀሩ። ሰው የገዛ ቁጥሩን በትክክል ጽፎ «ትክክለኛ ስልክ ቁጥር ያስገቡ» የሚል ቀይ ጽሑፍ ሲመለስለት ምን እንደሚሰማው መገመት አያቅትም። ይህንን በሁሉም ገጾች ላይ አስተካክለናል። አሁን ቅጹ 09ንም፣ 07ንም፣ በ+251 የሚጀምረውንም፣ የውጭ አገር ቁጥርንም ይቀበላል።

ቅጹንም እናሳጥረዋለን። ከውጭ የመጡት ዝግጁ ቅጾች «የቤተሰብ ስም» የሚል የግድ የሚሞላ ሳጥን አላቸው፤ የእኛ ሰው ደግሞ የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለውም። «ሙሉ ስም» የሚል አንድ ሳጥን ይበቃል። ኢሜይልም ግዴታ መሆኑ ይቀራል፤ ብዙ ሰው ስልኩን ሲገዛ ባለሱቁ የከፈተለትን ኢሜይል አያስታውሰውም። ስም፣ ስልክ ወይም ኢሜይል፣ መልእክት፤ ሌላ አያስፈልግም። የትውልድ ቀንና የመኖሪያ አድራሻ የሚጠይቁ ቅጾች ያሏችሁ ደንበኞች አላችሁ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ለጉዳዩ የማያስፈልግ መረጃ መሰብሰብ በሕግም የሚያስጠይቅ ስለሆነ እነዚህን እናወጣቸዋለን። ሮቦት አለመሆንን ለማረጋገጥ ሥዕል የሚያስመርጠው ፈተናም ይነሳል፤ ኔትወርኩ ሲደክም ሥዕሉ ሳይከፈት ሰው ተሰላችቶ ይሄዳል። በምትኩ ለሰው የማይታይ ባዶ ሳጥን እናስቀምጣለን። ያንን የሚሞላው አይፈለጌ መልእክት የሚበትን ፕሮግራም ብቻ ስለሆነ በዚያ እንለየዋለን።

ቅጹ በትክክል ተሞልቶም መልእክቱ መንገድ ላይ የሚቀርበት ጊዜ አለ። አንዳንዶቹ ቅጾች መልእክቱን የሚልኩት በጠያቂው ሰው ኢሜይል ስም ነው። የኢሜይል አገልግሎቶች ይህንን እንደ ማስመሰል ያዩታል፤ በ2016 ዓ.ም. ጂሜይልና ያሁ ላኪዎችን የሚፈትሹበትን ደንብ ካጠበቁ ወዲህማ መልእክቱ ወይ ወደ አይፈለጌ ማኅደር ይጣላል ወይ ጭራሽ አይደርስም። ስለዚህ ላኪው የድረ ገጻችሁ የራሱ ኢሜይል ይሆናል፤ የጠያቂው አድራሻ ደግሞ «መልስ ስጥ» ስትሉ በሚመጣው ቦታ ይገባል። ለማንኛውም እያንዳንዱ መልእክት በድረ ገጹ ውስጥ ቅጂው ይቀመጣል።

የስልክ ቁጥራችሁን ነገር በአጭሩ፦ ማተሚያ ቤት ባሠራችሁት ማስታወቂያ ሥዕል ውስጥ ያለ ቁጥር ሲነኩት አይደውልም፤ ስልክ በድምፅ የሚያነብላቸው ዓይነ ስውራንም አይሰሙትም። በጽሑፍ እናስቀምጠዋለን። መነሻው +251 ሆኖ የመጀመሪያው ዜሮ ይወጣል፤ እንዲህ ሲጻፍ ከአዳማም ከዋሽንግተንም ይሠራል።

ሰዓት ላይ ትንሽ እንቆይ። የአንዳንዶቻችሁ የእንግሊዝኛ ገጽ የሥራ ሰዓታችሁን «ከ3:00 እስከ 11:00» ይላል፤ ከአማርኛው በቀጥታ የተገለበጠ ነው። ለእኛ ጠዋት ሦስት ሰዓት የሆነው ለፈረንጁ ዘጠኝ ሰዓት ነው። እንደተጻፈው ካነበበው በሌሊት ተከፍቶ ረፋድ ላይ የሚዘጋ ቤት ይመስለዋል። ውጭ አገር ተወልደው ያደጉ ልጆቻችንም እንደዚያው ነው የሚያነቡት። በአማርኛው ገጽ «ከጠዋቱ 3:00 እስከ ቀኑ 11:00»፣ በእንግሊዝኛው ከጠዋቱ 9:00 እስከ ከሰዓት በኋላ 5:00 ብለን «በአዲስ አበባ ሰዓት» የሚል እንጨምርበታለን። ሪያድ ያለ ዘመድ ከእኛ ጋር እኩል ሰዓት ነው የሚቆጥረው። ዋሽንግተን ያለው ግን በክረምታቸው ስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ እናንተ በር ስትከፍቱ እርሱ እንቅልፍ ላይ ነው። ለእርሱ የሚሻለው ቴሌግራም ወይም ዋትስአፕ ነው። ሆኖም በየቀኑ የማትከፍቱትን አድራሻ ገጹ ላይ እንዳናስቀምጥ እንለምናችኋለን። አራት ዝም ያሉ አድራሻዎች ከሚደረደሩ አንድ መልስ የሚሰጥ ይበልጣል።

የቦታ አድራሻም አለ። ክፍለ ከተማ፣ ወረዳና የቤት ቁጥር ለውልና ለደረሰኝ ይጠቅማሉ፤ በእነርሱ ቤት ያገኘ ደንበኛ ግን እስካሁን አላየንም። ሰው የሚመጣው በምልክት ነው፦ ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን ወይም አደባባይ ወረድ ብሎ፣ የሕንፃው ስም፣ ስንተኛ ፎቅ፣ መግቢያው በፊት ለፊት ይሁን በጓሮ። አዲስ አበባ ያላችሁ በተለይ የጻፋችሁት ምልክት ዛሬም መኖሩን ተመልከቱ። የኮሪደር ልማቱ ብዙ የምናውቃቸውን ምልክቶች አንሥቷል፤ ፈርሶ በቆየ ካፌ አቅጣጫ የሚመሩ ሁለት ገጾች አግኝተናል። የጎግል ማፕ ምልክቱም ዋናው መንገድ ላይ ሳይሆን በራችሁ ላይ ይተከል። ቦታው ላይ ቆማችሁ መገኛውን በቴሌግራም ብትልኩልን እኛ እንተክለዋለን።

ለዚህ ሁሉ ተጨማሪ ክፍያ አንጠይቅም። ከእናንተ የምንፈልገው በዚህ ወር ውስጥ ሦስት ነገር እንድትልኩልን ነው፦ መልእክት ሲመጣ መልስ የሚሰጠው ሰው ማን እንደሆነ፣ እርሱ ባይኖር ማን እንደሚተካው፣ ከመንገድ ሆናችሁ ያነሳችሁትን የበራችሁን ፎቶግራፍ። ሠርተን ስንጨርስ በቅጻችሁ በኩል አንድ የሙከራ መልእክት እንልካለን። በማግሥቱ መልስ ካላገኘን ስልክ እንደውላለን።

ከአክብሮታዊ ሰላምታ ጋር፣
ድረ ገጻችሁን የምንሠራ ባልደረቦቻችሁ