ለወዳጄ፣ ስለ ዘፍጥረት ንባባችሁ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣

ከሐረር

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እናትህስ፣ ልጆቹስ? እኔ ከነቤተሰቤ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ተጠፋፍተን ብዙ ቆየን፤ ድሬዳዋ ከዚራ ላይ ኦርቶዶክሱም ካቶሊኩም ፕሮቴስታንቱም አንድ ላይ ተቀምጣችሁ ዘፍጥረትን ልታነቡ መሆኑን ስሰማ ግን ደስታው ብዕር አስነሣኝ።

አንድ ነገር ልለምንህ። «ስድስቱ ቀን እንደ ዛሬው ቀን ነው ወይስ ብዙ ሚሊዮን ዓመት?» የሚለውን ጥያቄ በመጀመሪያው ምሽት አታንሡት። እሱ ከተነሣ ሁሉም የያዘውን ይዞ ይከራከራል፣ ንባቡን የሚያይ አይኖርም። መጀመሪያ አንባቢን የሚያደናቅፉትን ቦታዎች ፈልጉ። የረቢዎቹም (የአይሁድ መምህራን) የአባቶቻችንም ትርጓሜ የተወለደው እዚያ ነው።

ከምዕራፍ 1 ቁጥር 1 እስከ ምዕራፍ 2 ቁጥር 3 ያለውን ለእያንዳንዱ ሰው ኮፒ አድርገህ ስጥ። 1፥31 ላይ አትቁም፤ የምዕራፍ ቁጥር በመካከለኛው ዘመን የገባ ነው፣ ሰባተኛው ቀን ግን ከስድስቱ ጋር አንድ ንባብ ነው። ከዚያ «መልካም እንደ ሆነ አየ» የሚለውን በቀይ ያስምሩ። ከዕብራይስጡ የተተረጎመ የያዘ ሰው 7 ጊዜ ያገኛል፤ በሦስተኛው ቀን ሁለቴ፣ በሁለተኛው ቀን አንድም ጊዜ። ሰባ ሊቃናትን፣ ማለት የጥንቱን የግሪክ ትርጉም፣ የሚከተል የያዘ ግን በሁለተኛው ቀንም፣ 1፥8 ላይ፣ ስለሚያገኘው 8 ይሆንለታል። የተሳሳተ የለም፣ በእጃቸው ያለው ቅጂ ነው የተለየው። የግእዙ ኦሪት ከግሪኩ የመጣ መሆኑን እዚህ ላይ ንገራቸው። ረቢዎቹ ቃሉ ከሁለተኛው ቀን የታጣው ለምንድን ነው ብለው ብዙ ደክመውበታል። የአይሁድ የኦሪት ተንታኝ ራሺ የተቀበለው መልስ የውኃው ሥራ በዚያ ቀን አላለቀም፣ በሦስተኛው ቀን ተፈጸመ፣ ስለዚህ በሦስተኛው ቀን አንዱ ለውኃው አንዱ ለዕለቱ ሥራ ሁለቴ ተባለ የሚለው ነው። እኔም ከሁሉ የሚያረካኝ ይኸው ነው፤ መልሱን ያገኘው ከንባቡ ውስጥ ነውና።

ሁለተኛው መሰናክል ብርሃን በመጀመሪያው ቀን፣ ፀሐይ በአራተኛው ቀን መፈጠራቸው ነው። የጥንቱ ክርስቲያን ሊቅ ኦሪገን በሦስተኛው መቶ ዓመት፣ ፀሐይ ሳይኖር ማታና ጥዋት እንዴት ይሆናል ብሎ ጠይቋል። ቅዱስ ባስልዮስ ስለ ስድስቱ ቀን በሰበካቸው ዘጠኝ ስብከቶች ብርሃኑ ቀደመ፣ ፀሐይ ኋላ የብርሃኑ መያዣ ሆነ ይላል፤ ቀኑም ለእሱ 24 ሰዓት ነው። ቅዱስ ኤፍሬም የስድስቱን ቀን ሥራ ማንም ምሳሌ አያድርገው ብሎ ያስጠነቅቃል። አውግስጢኖስ ደግሞ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተፈጠረ፣ ቀኖቹም እንደኛ ቀኖች አይደሉም ይላል። ስለ ሕያዋን አመጣጥ ከተጻፈው ከዳርዊን የ1859 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ከ1,400 ዓመት በላይ ቀድሞ ማለት ነው። ይህን ለወጣቶቹ አጥብቀህ ንገራቸው፤ ቀኖቹን በሌላ መንገድ ማንበብ ሳይንስን ከመፍራት የመጣ የሚመስላቸው ብዙ ናቸውና።

ሦስተኛው በእናንተ ማኅበር የሚያጣላው ነው፤ የመላእክት ነገር። ዘፍጥረት 1 መላእክት መቼ እንደ ተፈጠሩ አይናገርም። ኩፋሌ፣ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ቀኖና ያለው በካቶሊክና በፕሮቴስታንት የሌለው መጽሐፍ፣ ምዕራፍ 2 ላይ በመጀመሪያው ቀን ይላል፣ የስድስቱንም ቀን ሥራ 22 አድርጎ ይቆጥራል፤ በየቀኑ 7፣ 1፣ 4፣ 3፣ 3፣ 4። በቤተ ክርስቲያናችን የሥነ ፍጥረት ትምህርትም ድምሩ ያው 22 ነው፤ አከፋፈሉ ግን ከእሑድ እስከ ዓርብ 8፣ 1፣ 3፣ 3፣ 3፣ 4 ነው፤ አራቱ ባሕርያት፣ ጨለማ፣ እንደ አንድ የሚቆጠሩት ሰባቱ ሰማያት፣ መላእክትና ብርሃን የእሑድ ናቸው። ሁለቱን አከፋፈል ጎን ለጎን ጻፍላቸው። ሚድራሽ የተባለው የረቢዎቹ ትርጓሜ በተቃራኒው አንዱ በሁለተኛው ቀን፣ ሌላው በአምስተኛው ቀን ይላል፤ በመጀመሪያው ቀን እንዳልሆነ ግን ሁሉም ይስማማሉ። ምክንያታቸው ግልጽ ነው፤ ማንም ተነሥቶ ሚካኤል ሰማይን ሲዘረጋ አገዘ እንዳይል ነው። ያንኑ ስጋት ይዘህ «ሰውን በመልካችን እንፍጠር» ወደሚለው እለፍ። ክርስቲያኑ ሥላሴን ያያል። ራሺ እግዚአብሔር በትሕትና መላእክትን አማከረ ይላል፣ ግን ቀጥሎ «ፈጠረ» በነጠላ መባሉን አጋር ላለመኖሩ ምስክር ያደርገዋል። ከኩፋሌና ስለ ስድስቱ ቀን ፍጥረት ከሚናገረው ከአክሲማሮስ የመጣውን ለብቻው በሌላ ዓምድ ጻፉት፤ አለዚያ አንዱ «መጽሐፉ ይላል» ሲል ሌላው «የት?» እያለ ምሽቱ ያልቃል።

ከ2፥4 ጀምሮ ያለውን ለሌላ ምሽት አቆየው። እዚያ እግዚአብሔር «እግዚአብሔር አምላክ» ተብሎ ይጠራል፤ ሰው ከቡቃያው በፊት ይበጃል፣ እንስሳት ከእሱ በኋላ ይመጣሉ፣ ሴቲቱ መጨረሻ ናት። ሁለቱን በአንድ ምሽት ያነበበ ሰው ሳያውቀው ያዋህዳቸዋል። ራሺ የመጀመሪያው ጥቅሉ፣ ሁለተኛው ዝርዝሩ ነው ይላል፤ ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን አስትሩክ በ1753 እ.ኤ.አ. የአምላክን ስም ተከትሎ ሁለት ምንጮችን ለየ። መልሳቸው ተለያየ እንጂ ያዩት ነገር አንድ ነው።

ከስምንት ሰው አትብለጡ። ሚሽና የተባለው የረቢዎቹ የሕግ መጽሐፍ የፍጥረትን ሥራ ለሁለት ሰው እንኳ በአንድነት አታስተምር ይላል፤ እንደዚያ ባታጠብቁም፣ እያንዳንዱ ወረቀቱን እያሳየ የሚናገርበት ጊዜ ይኑረው።

ደግሞ አንድ ሥራ ልስጥህ። 2፥2 ላይ እግዚአብሔር ሥራውን የፈጸመው በዕብራይስጡ በሰባተኛው ቀን ነው፣ በሰባ ሊቃናት በስድስተኛው። በእያንዳንዱ ሰው እጅ ያለው መጽሐፍ የትኛውን እንደሚል ከነኅትመት ዓመቱ መዝግበህ ላክልኝ። ለእናትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወንድምህ