ሥራን ቁጭ ብለው የሚያዩት እንግሊዞች

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላም ናችሁ? የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። ጋዜጣችሁን ዘወትር አነባለሁ፤ ግን አንድ ነገር ሰለቸኝ። ስለ ሥራ የሚጽፍላችሁ ሰው ሁሉ ወይ ይቆጣል ወይ ይመክራል። ወጣቱ ሰነፈ፣ የሥራ ባህላችን ሞተ፣ በዓል በዛ። ኧረ እስቲ አንዳንዴ የሚያስቅ ነገር አውጡልን! እኔ የምወዳቸው የድሮ እንግሊዛውያን ቀልደኞች አሉ፤ ስለ እነሱ ላውራችሁ።

አንዱ ጄሮም ኬ. ጄሮም ነው። ሥራ በጣም ይማርከኛል፣ ቁጭ ብዬ ለሰዓታት ላየው እችላለሁ ያለው እሱ ነው። ይቺን ያላት እ.ኤ.አ. በ1889 ባወጣው መጽሐፍ ውስጥ ነው፤ ሦስት ጓደኛሞችና አንድ ውሻ በቴምዝ ወንዝ ላይ በጀልባ ሲንሸራሸሩ የሚተርክ ነው። እዚያው ላይ አጎት ፖጀር የሚባሉ ሰውዬ አሉ። ሥራቸው አንድ ሥዕል ግድግዳ ላይ መስቀል ነው፣ በቃ። «እናንተ አትጨነቁ፣ ለእኔ ተዉት» ይሉና ኮታቸውን ያወልቃሉ። ሠራተኛዋን ሚስማር ግዢ ብለው ይልካሉ፣ የሚስማሩን ልክ እንዲነግራት ደግሞ አንዱን ልጅ ከኋላዋ ያስሮጣሉ፣ ከዚያ መዶሻ አምጡ፣ ማስመሪያ አምጡ፣ መሰላል ያዙልኝ እያሉ ቤቱን ያምሱታል። ኮታቸው ጠፋ ተብሎ ቤተሰቡ በሙሉ ሲፈልግ ይቆያል። ለካ ተቀምጠውበታል። እኩለ ሌሊት ላይ ሥዕሉ ተንጋዶ ይሰቀላል፣ ግድግዳው ተቦጫጭሯል፣ ከእሳቸው በቀር ሁሉም ሰው ሞቷል በድካም። እሳቸው ግን «ለዚች ለዚች እኮ ሰው ቀጥሮ የሚያሠራ አለ!» ብለው ይኮራሉ።

አጎት ፖጀርን እኔ በአካል አውቃቸዋለሁ። እዚሁ ከተማችን ውስጥ ስሙን የማልጠራው መሥሪያ ቤት ይሠራሉ። አንዲት ወረቀት ላስጨርስ ሄጄ አንዷ ተቀብላ መዘገበች፣ ሌላው አነበበ፣ ሦስተኛው ወደ አራተኛው መራው፣ አራተኛው ደግሞ ማህተም የያዘው ልጅ ስብሰባ ነው አለኝ። የምን ስብሰባ ብል፣ ስለ ቀልጣፋ አገልግሎት አሰጣጥ ነው ተባልኩ። ልሳቅ ወይስ ላልቅስ?

ይኼን ነገር ፓርኪንሰን የሚባል ሌላ እንግሊዛዊ በቁጥር አሳይቶታል። ሰውዬው የታሪክ ምሁር ነው፣ ግን ቀልዱ ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ1955 ዘ ኢኮኖሚስት ላይ ሲጽፍ፣ ሥራ የተሰጠውን ጊዜ እስኪሞላ ድረስ ይለጠጣል አለ። ምሳሌው ጊዜ የተረፋቸው አሮጊት ናቸው። ለእህታቸው ወይም ለወንድማቸው ልጅ አንዲት ፖስት ካርድ ሊልኩ ነው። ካርዱን ሲፈልጉ አንድ ሰዓት፣ መነጽራቸውን ሲፈልጉ ሌላ ሰዓት፣ ጃንጥላ ልያዝ አልያዝ ሲሉ ብቻ 20 ደቂቃ፤ እንዲህ እያለ ቀኑ ያልቃል። ቀጥሎ ወደ እንግሊዝ ባሕር ኃይል ይሄዳል። እ.ኤ.አ. ከ1914 እስከ 1928 ትልልቆቹ የጦር መርከቦች ከ62 ወደ 20 ወረዱ። የዋናው መሥሪያ ቤት ሹማምንት ግን ከ2,000 ወደ 3,569 አደጉ! የእኛ ሰው ይኼን ሁሉ ሳይቆጥር «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ብሎ ገላገለው እንጂ ነገሩ ያው ነው።

እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ስንፍናን አስተማሩ የሚል ይኖራል። የለም። ጄሮም በልጅነቱ ወላጆቹን ያጣ ሰው ነው። በ14 ዓመቱ ትምህርት ትቶ ባቡር ድርጅት ገባ፣ ሐዲድ ዳር የወደቀ ከሰል ይለቅም ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዕድሜህ ገፍቷል ሲሉት ለፈረንሳዮች የአምቡላንስ ሹፌር ሆነ። ዎድሃውስ የሚባል ሌላ እንግሊዛዊ ደራሲም አለ። የታሪኮቹ ጀግና በርቲ ከአልጋው ሳይወርድ አሽከሩ ሻይ የሚያቀርብለት ሥራ ፈት ጎረምሳ ነው፤ ደራሲው ግን በወጣትነቱ ቀን ባንክ እየዋለ ማታ ማታ ሲጽፍ ኖሮ፣ ከ90 በላይ መጻሕፍት አውጥቶ፣ በ93 ዓመቱ ሲሞት እንኳ የጀመረው ልብ ወለድ ነበረው። የሚያሾፉት በሥራ አይደለም። ሳይሠራ ቢዚ በሚመስለው ሰው ነው።

በዓል በዛ ለሚሉትም አንድ ነገር ልበል። መንዝ ያለ ገበሬ ሚካኤል ነው ካለ ሚካኤል ነው። በርኖሱን ደርቦ ፀሐይ ይሞቃል። ሥራ የያዘ ለመምሰል አይሞክርም፣ ብትጠይቁትም ዛሬ አልሠራም ብሎ ነው የሚነግራችሁ። በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ እርሻው ላይ ታገኙታላችሁ። ጄሮም ቢያየው አጠገቡ ይቀመጥ ነበር። ከተማ ውስጥ ግን አርፌያለሁ ብሎ የሚናገር ደፋር ጠፋ፤ ሁሉም ስልኩን እያየ «ቢዚ ነኝ» ነው።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ናት። ከእነዚህ ሰዎች አጫጭር ጽሑፎች እያስተረጎማችሁ በየሳምንቱ አንድ ጥግ ስጧቸው። ካልሆነም ቢሮ ውስጥ የከረመ አንባቢ የራሱን ገጠመኝ እንዲልክ ጋብዙ። ስለዚያ ማህተም የቀረውን እኔ እልክላችኋለሁ፤ ገና ግማሹን ነው የነገርኳችሁ።

አንባቢያችሁ፣
ከደብረ ብርሃን